ከዎርክሾፕ እስከ ማሳ ስንት ቀን ይፈጃል?

በአንዲት ኩሽኔታ ሰባት ወር የቆመ ማሽን አውቃለሁ። ነገሩ የሆነው እዚህ ሰሜን ሸዋ አይደለም፣ ድሮ አስተምርበት በነበረ ሌላ አካባቢ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ስሙ ይቅር። ተማሪዎቼ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የገብስ መውቂያ ሠሩ፣ ሞተሩ ተገጠመ፣ ላሜራው ተበየደ፣ ሚያዝያ ላይ ስንሞክረው አንዱ ኩሽኔታ ተሰበረ። ገበያ ወርዶ ገዝቶ መምጣት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኛ ግን የግዢ ጥያቄ ሞላን፣ ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብን፣ ከሦስቱ አንዱ ማህተሙ ደብዝዟል ተብሎ ተመለሰ፣ እንደገና ሰበሰብን፣ ኮሚቴው አልተሟላም ተባለ፣ ሲሟላ በጀት ተዘጋ፣ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ጥቅምት ገባ፣ ኩሽኔታው እጄ ላይ ሲደርስ ህዳር ነበር። ልጆቹ ሐምሌ ላይ ተመርቀው ሄደዋል። ማሽኑን የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ።

ከዛ የባሰው መጣ። ማሽኑ ሲያልቅ ቋሚ ንብረት ተባለ፣ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጻፈበት፣ ሞዴል 19፣ የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ተቆርጦለት ስቶር ገባ። ለአንድ ገበሬ አውሰን መኸሩን ይሞክርልን ብዬ ጠየቅኩ። ንብረት ክፍል ያለው፣ የወጪ ደረሰኙን ሞዴል 22ን የሚቆርጠው ሰው "ሞዴል 22 በማን ስም ልቁረጥ? ቢሰበር ማን ሊከፍል ነው?" አለኝ። ሰውየውን አልወቅሰውም፣ እሱ የሚጠየቀው ዕቃው በመኖሩ እንጂ በመሥራቱ አይደለም። ማሽኑ ግን አንድም ቀን አውድማ ሳያይ እዛው ቀረ።

ደብረ ብርሃን ከተመለስኩ ወዲህ ከመምህራንም ከተመራቂ ልጆችም ጋር ስለዚ ጉዳይ ብዙ ጊዜ እናወራለን። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይሄን ሁሉ ሰው ይዘው ለምንድነው አንድ ነገር ጠብ የማይላቸው ሲባል ቶሎ የሚመጣው መልስ በጀት ነው። በጀት ችግር መሆኑን ማንም አይክድም፣ ሪኤጀንት፣ ማለትም የሙከራ ኬሚካል፣ የሌለው ላብራቶሪ ባዶ ክፍል ነው እንጂ ላብ አይደለም። ግን እኔ ባየሁት ከገንዘቡ መጠን በላይ ጉዳዩን የሚወስነው ሌላ ነው፣ እሱም አንድ ሐሳብ ከዎርክሾፕ ወይ ከላብ ወጥቶ፣ የሚጠቀምበት ሰው እጅ ገብቶ፣ "እዚህ ጋ አልሆነም" ተብሎ ተመልሶ፣ ተስተካክሎ ደግሞ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ነው። እኔ ዙር እለዋለሁ። በዓመት አምስት ዙር የሚሄድ ድሃ ዎርክሾፕ በሦስት ዓመት አንድ ዙር ከማይሞላ ሀብታም ላብ የተሻለ ነገር ያወጣል፣ ይሄን በአይኔ አይቻለሁ።

ያየሁትም እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ነው። አንድ በያጅ አለ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ፣ ከእኛ ጋር የሚመሳሰል መውቂያ ሠርቶ ለባሶና ወራና ገበሬዎች ሸጠ። የመጀመሪያው ገዢ በሳምንቱ መጣና "እህሉንስ ደህና ይወቃል፣ ጭዱ ግን ረጅምና ሻካራ ሆነ፣ ከብቶቼ አልበላ አሉ" አለው። በሬ ሲያበራየው ጭዱ ይደቃል፣ ይለሰልሳል፣ በማሽኑ ግን እንጨት እንጨት አለ። ልጁ ድራሙ ላይ ያሉትን ጥርሶች አበዛ፣ የወንፊቱን ክፍተት ቀየረ፣ ደግሞ ላከው። እኔ አምስት ተማሪ ይዤ ስንት ኪሎ በሰዓት ይወቃል የሚለውን በሰንጠረዥ ስለካ ነው የከረምኩት፣ ስለ ጭድ አንድም ዓረፍተ ነገር አልጻፍንም፣ የጠየቅነው ሰው ስለሌለ። ደጋ ላይ ላለ ገበሬ ጭድ ማለት የበጋ የከብት ቀለብ ነው፣ ከምርቱ ለይቶ አያየውም። "መምህር፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ እነሱ ናቸው የነገሩኝ" ነው ያለኝ ልጁ ስጠይቀው።

እንዲህ ያለ ነገር በተቋም ደረጃ አይቻልም የሚል ካለ የሞረትና ጅሩ ወረዳዋን ከተማ እነዋሪን ይይ። ሞረትና ጅሩ መሬቱ መረሬ፣ ጥቁር ጭቃማ አፈር፣ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሰብሉ ሥሩ ታፍኖ ቢጫ ይሆናል፣ በጋ ላይ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የአካባቢው ሰው ለዚህ መላ ያገኘው ማንም ምሁር ሳይነግረው ነው፣ ቤተሰቡ ሴቱም ልጁም ወጥቶ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፋፊ መደብ ይሠራል፣ በመሀል ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይተዋል። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢልካ ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢክሪሳት የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብል ምርምር ተቋም፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የአለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲና እርሻ ሚኒስቴር አንድ ላይ ሆነው በመረሬ ላይ መሥራት ሲጀምሩ አንዱ የሥራ ቦታቸው እነዋሪ ነበር፣ እና የወጣው መሣሪያ፣ ቢቢኤም (ሰፊ መደብ አውጪ) የምንለው፣ ገበሬው ቤት ያለውን ማረሻ ሁለቱን ጎን ለጎን አጣምሮ በበሬ ጉልበት መደብና ቦይ የሚያወጣ ነው። ሞፈሩም ቀንበሩም በሬውም ያው ነው። ከበደን ሲባል ቀለል ተደርጎ ተሠራ። በአገሪቱ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መረሬ አለ፣ ይሄን ሁሉ መሬት የሚነካ ነገር መነሻው ሁለት ማረሻ ነው። ሁሉም ቦታ በእኩል ተስፋፋ አልልም፣ አልተስፋፋም፣ ጥሩ በሬ የሌለው ሰው አይጠቀምበትም፣ ማዳበሪያና ዘሩ አብሮ ካልመጣም ትርፉ አይታይም። ግን ጥያቄው ከማሳው ነው የተነሳው፣ መልሱም ማሳው ላይ ተፈተነ፣ ዋናው እሱ ነው።

መንዝ ደግሞ ሁለቱንም መንገድ ጎን ለጎን ያየ አገር ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፣ ግን ያን ብርድና ያን ድርቅ ትችላለች፣ ከሱፏ ባና ይሠራል፣ በርኖስ ይሠራል። ለአስርት ዓመታት የተሞከረው የውጭ ዝርያ፣ በተለይ አዋሲን፣ በማራቢያ ጣቢያ ከመንዝ በግ ጋር አዳቅሎ አውራውን ለገበሬ ማከፋፈል ነበር፣ ደብረ ብርሃንም አመድ ጉያም ለዚህ ሥራ የቆሙ ማዕከሎች ነበሩ። ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ የተማረ ሰው ፈሰሰበት፣ የታሰበውን ያህል ግን ገበሬው ጋ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሌላ መንገድ ተጀመረ፣ ኢካርዳ የሚባለው የደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢልሪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲና የእኛ ተመራማሪዎች መንዝ ወርደው እዛው ያለችውን በግ እዛው ከባለቤቶቹ ጋር መምረጥ ጀመሩ። የመንደሩ ሰው በጎቹን ይመዘግባል፣ ጠቦቶቹ ሲደርሱ አንድ ቀን ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ክብደቱ ከመዝገብ ይታያል፣ ከዛ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ቁመናውን፣ ላቱን፣ ቀለሙን አይተው አውራ የሚሆነውን ይለያሉ፣ እሱን በጋራ ይጠቀማሉ፣ የቀረው ይኮላሻል ወይ ይሸጣል። ላብ የለም ማለት ይቻላል። የዶክትሬት ተማሪዎች ጽሑፋቸውን የሠሩበት ቦታ ነው፣ ዛሬ ይሄ አሠራር ከመንዝ አልፎ በሌሎች አገሮችም ይሠራበታል። ስለ ዩኒቨርሲቲ ፈጠራ ስንነጋገር ሕንፃና ማሽን ብቻ ነው የሚታየን፣ ይሄኛው መንዝ መሬት ላይ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ፈጠራ ነው፣ ዙሩ አጭር ስለሆነ ነው የቆመው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ዙሩን የሚያረዝመው ምንድነው ወደሚለው ልምጣ። ትልቁና ማንም ትኩረት የማይሰጠው ካላንደሩ ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲስ ይጀምራል። የሰሜን ሸዋ ገበሬ መኸሩን የሚዘራው ሰኔና ሐምሌ ነው፣ ህዳርና ታህሳስ ያጭዳል። ማለትም ዘር በሚዘራበት ሳምንት የአሮጌው ዓመት ሒሳብ ተዘግቷል የአዲሱ ገና አልተለቀቀም፣ ለተመራማሪው ገንዘቡ ሲደርሰው መስከረም አልፏል፣ ማሳው ላይ ያለው እህል ጉልበት ደርሷል። ስለዚህ ምን ያደርጋል፣ ወይ ለበልግ ይላል፣ በልግ ደግሞ እዚህ ደጋው ላይ አንድ ዓመት ይጥላል አንድ ዓመት ይቀራል፣ ወይ ለሚቀጥለው መኸር ይላል፣ የሚቀጥለው መኸር ሲደርስ ሰኔ 30 መጥቶ ያልተጠቀምክበትን ተመላሽ አድርግ ይባላል። ሌላው ሁሉ ቢስተካከል እንኳ በዚህ ብቻ አንድ ዓመት ይሞታል። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ በጥድፊያ ኮምፒውተርና ወንበር ይገዛል፣ ሪፖርቱ ላይ ግን የበጀት አፈጻጸም ከመቶ 98 ተብሎ ይጻፋል።

ተማሪውም እንደዛው ነው። በመደበኛው ጊዜ ካምፓሱ በተማሪ የሚሞላው ከጥቅምት እስከ ሰኔ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ልጆቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ውሃ ማሳ ላይ የሚተኛው፣ ዋግ ስንዴው ላይ የሚወጣው፣ አረሙ የሚበረታው እኮ ያኔ ነው። የእርሻ ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ አንድም ክረምት ከገበሬ ጋር ሳያሳልፍ ሊመረቅ ይችላል። ጥቅምትና ህዳር ላይ ባቄላውን የሚያነደውን ውርጭ እንኳ የሚያየው ከክፍል መስኮት ነው።

ቀጥሎ ያለው የአጥሮቹ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ የግብርና መምሪያ አለ። ከአንዱ ወደ አንዱ በባጃጅ ትደርሳለህ። ግን ዩኒቨርሲቲው ተጠሪነቱ አዲስ አበባ ላለ ሚኒስቴር ነው፣ ምርምር ማዕከሉ ባህር ዳር ላለ የክልል ኢንስቲትዩት ነው፣ መምሪያው ለዞን ነው፣ ሦስቱም የየራሳቸው ዕቅድ፣ የየራሳቸው ሪፖርት፣ የየራሳቸው መኪና አላቸው። አንድ ሳይንቲስት ከጎረቤቱ ማዕከል ጋር በጋራ ለመሥራት የመግባቢያ ሰነድ ይፈረም ይባላል፣ ፊርማው ደግሞ ወር ይፈጃል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ከአሜሪካው ኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ስምምነት ሲጠነሰስ ትምህርቱም ምርምሩም ኤክስቴንሽኑም፣ ማለትም ገበሬውን የማማከሩ ሥራ፣ አንድ ቤት ውስጥ እንዲሆን ነበር የታሰበው፣ ጠዋት ያስተማረው መምህር ከሰዓት ማሳ ላይ፣ ቅዳሜ ገበሬው ጋ። በኋላ ኤክስቴንሽኑ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ምርምሩም ወጣ። የየራሱ ምክንያት ነበረው፣ ምርምሩም ብዙ ሠርቷል፣ ግን ያኔ የተከፈለው ነገር እስከዛሬ አልተገጠመም፣ ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምር ቤት ሆኖ ቀረ፣ በኋላ ላይ "ምርምርም አድርግ" ሲባል ገበሬው የሌላ መሥሪያ ቤት ደንበኛ ሆኗል።

የሚቆጠረው ነገርም አለ። መምህር ተባባሪ ፕሮፌሰር የሚሆነው በዋናነት በታተመ ጽሑፍ ነው። አንድ ልጅ ሦስት ዓመት ደክሞ ውርጭ የሚያስጠነቅቅ ቀላል መሣሪያ ሠርቶ መቶ ገበሬ ቢጠቀምበት፣ ጓደኛው ደግሞ በስድስት ወር መጠይቅ በትኖ ሦስት አርቲክል ፐብሊሽ ቢያደርግ፣ ማን ቀድሞ ደረጃ እንደሚያገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ጽሑፍ አይቆጠር አይደለም የምለው፣ እሱ ብቻ ሲቆጠር ሰው እግሩን ወደ ማሳ አያነሳም። ፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ እንቁጠር የሚሉም አሉ፣ እዛም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ቻይና ሞክራው አይታዋለች። ዩኒቨርሲቲዎቿ ፓተንት ላስመዘገበ ሁሉ ጉርሻ ሲሰጡ ቁጥሩ እንደ ተራራ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ግን የራሷ የትምህርት ሚኒስቴር በማመልከቻ ብቻ ገንዘብ መሸለም ይቁም አለ፣ በ2022 በወጣው ይፋ የፓተንት ዳሰሳም ከዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ፓተንቶች ምርት ሆነው የወጡት ከመቶ 3.9 ብቻ ነበሩ። የምትቆጥረውን ነው የምታገኘው፣ ወረቀት ከቆጠርክ ወረቀት።

የፈጠራው ባለቤት ማነው የሚለውም ቀላል አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ የዩኒቨርሲቲ መምህር የፈጠራው ሙሉ ባለቤት ነበር፣ ከዛ ሕጉ ተቀየረና ትልቁ ድርሻ፣ ሁለት ሦስተኛው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደ። ሐሳቡ ዩኒቨርሲቲው ጠንካራ ቢሮ ከፍቶ ፈጠራውን ገበያ ያወጣል የሚል ነበር። በኋላ የተሠራ ጥናት ግን መምህራኑ የሚያቋቁሙት ኩባንያም የሚያወጡት ፓተንትም በግማሽ ገደማ መውረዱን አሳየ። የእኛ ተቋማት ገና ቢሮው ሳይኖራቸው ባለቤትነቱን ለራሳቸው ማድረግ ሲፈልጉ ሳይ ይሄ ትዝ ይለኛል። ሕግማ አለን፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ከፓተንት ሌላ የግልጋሎት ሞዴል የሚል ነገር አለው፣ ለትንንሽ ጠቃሚ ማሻሻያ የሚሰጥ። ጠባሴ ያለው ልጅ ድራም ላይ የጨመረው ጥርስ እሱን ሊያገኝ ይችል ይሆናል፣ ግን ስሙንም ሰምቶት አያውቅ። ይሄን እንኳ የሚያስረዳው የዩኒቨርሲቲ ሰው ቢኖር፣ ከተማው ውስጥ ስንት ብየዳ ቤት አለ።

ዙር ሲቋረጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ደግሞ ከእንዶድ በላይ ምሳሌ የለንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሲሄዱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አስቡት፣ ትልቅ መሣሪያ አይደለም፣ ወንዝ ዳር የሄደ እግርና ያስተዋለ አይን ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ዙር በዛች ቀን አለቀ። ሁለተኛው ግማሽ፣ ከላብ ወደ ወንዙ መመለሱ፣ ዓመታት ወሰደ፣ የመርዛማነት ፍተሻው በውጭ ላብ ደረጃ ካልተሠራ አይታመንም እየተባለ ጊዜው ነጎደ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አገኙ፣ ክብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን እንዶድን በአሜሪካ ሐይቆች ቧንቧ የሚዘጋውን ዜብራ መስል የሚባል ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ለመግደል የመጠቀም ፓተንት ያገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እስከዛሬ ወንዝ ውስጥ ቆመው ነው የሚያጥቡት።

ሰላም ከሌለ ይሄ ሁሉ ወሬ መሆኑን አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መንዝም ሞረትና ጅሩም እንደ ልብ የሚኬድበት ቀን አልበዛም፣ መረጃ ሰብሳቢ ተማሪ ልከህ ማታ ስልክ እስኪያነሳ ልብህ ይመታል። መምህሩም በደመወዙ ወር መድረስ አቅቶት ቅዳሜና እሁድን በግል ኮሌጅ ሲያስተምር ይውላል፣ ማሳ ላይ ሊውል የሚችልበት ቀን እሱ ነበር። ስለዚህ ሰው ሰነፈ አልልም።

ግን ሰላም እስኪመጣም ደመወዝ እስኪጨመርም ሳንጠብቅ ሊደረግ የሚችል አለ። ለምሳሌ እያንዳንዱ ዎርክሾፕ ትንሽ የእጅ ገንዘብ ይኑረው፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ቡሎን በደረሰኝ ብቻ የሚገዛበት፣ ሒሳቡ በየወሩ ይወራረድ። የምርምር ገንዘብ ከሰኔ 30 ወደ ታህሳስ 30 እንዲሻገር ይፈቀድ፣ እህሉ እስኪታጨድ። ተማሪዎች የፈጠሩት ማሽን ቋሚ ንብረት መባሉ ቀርቶ እንደ ሙከራ ዕቃ ይመዝገብ፣ የሚሰበርበት መብት ይኑረው፣ ሳይሰበር ምን ሊማሩበት ነው? አንድ አስር የሦስተኛ ዓመት ልጆች ሐምሌና ነሐሴን እነዋሪ ገበሬ ቤት አድረው ይክረሙ፣ ሲመለሱ የመመረቂያ ርዕሳቸውን አማካሪው ሳይሆን ያደሩበት ቤት ባለቤት ይስጣቸው። ደረጃ ዕድገት ላይም ከጽሑፉ ጎን ስንት ሰው ተጠቀመበት የሚል አንድ ሳጥን ይጨመር፣ ወረዳው ይፈርምበት።

ባለፈው ሰሞን እዛ ድሮ የነበርኩበት ግቢ ደውዬ ስለ ማሽናችን ጠይቄ ነበር። አለ፣ ስቶር ውስጥ ነው፣ ቁጥሩም አልለቀቀም አሉኝ። አሮጌ ዕቃ በጨረታ ሲወገድ አብሮ ይወጣ ይሆናል ተባልኩ። ለጠባሴው ልጅ ነገርኩት፣ ጨረታው ሲወጣ ንገረኝ አለ፣ ድራሙን ብቻ እንኳ ካገኘ ጥርሱን አብዝቶ እስከ ህዳር አውድማ ላይ ያደርሰዋል።